ኖቫ ገባሁ፤ እናቴ ልትደግስ ተነሥታለች፤ እኔ ግን አልፈልግም

የአሌክሳንድሪያዋ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወደዚህ አገር የመጣሁት ሰባተኛ ክፍል ጨርሼ ስለሆነ አማርኛዬ አልጠፋም፤ የተሳሳተ ፊደል ካያችሁ እለፉኝ።

በመጪው ኦገስት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁላችሁም ኖቫ የምትሉት የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ እገባለሁ። የአድቫንስ ፕሮግራምም ተቀብሎኛል፤ ማለትም የኖቫ ትምህርቴን ስጨርስ፣ ውጤቴን እስከጠበቅሁ ድረስ፣ አዲስ ማመልከቻ ሳላስገባ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እሻገራለሁ። የምማረው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎችም ተቀብለውኝ ነበር፤ የሰጡኝ ድጎማ ግን ከክፍያቸው አጠገብ ሲቀመጥ ታክሲ ለሚነዳ አባት የሚታሰብ አልሆነም። ስለ ውሳኔው ቅሬታ የለኝም።

ችግሬ ሌላ ነው። በትምህርት ቤታችን ሜይ 1 ቀን ሁሉም የሚገባበትን ኮሌጅ ስም የያዘ ሹራብ ለብሶ ይመጣል። የክፍላችን የኢንስታግራም ገጽም አለ፤ ፎቶ፣ ስም፣ የኮሌጅ ስም። ገጹን ከላይ እስከ ታች አይቸዋለሁ፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብሎ የላከ የለም። የሚገባ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኔ ጋር ሒሳብ ከሚማሩት እንኳ ብዙዎቹ ወደዚያው ናቸው። ሁላችንም ዝም ብለናል። እኔ በዚያ ቀን ምንም ያልተጻፈበት ግራጫ ሹራብ ለበስኩ። በር ላይ የቆሙት መምህርት «ያንቺስ?» ሲሉኝ «ቆሽሾ ነው» አልኳቸው።

እናቴ ግን አዳራሽ እያፈላለገች ነው። የኮሌጁ ስም ኬኩ ላይ እንዲጻፍ ትፈልጋለች፤ ሰው በተሰበሰበበት በድምፅ ማጉያ እንዲነገርም ጭምር። እባክሽ አትደግሺልኝ ብላት ምስጋና ቢስ እሆናለሁ? እኩዮቼ የሆናችሁስ እንዲህ ይሰማችኋል?

ጋራዥ ጠባቂው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። መጀመሪያ ይህን ላስቀድም፤ ከዚህ በታች የሚጽፉት ሁሉ እንደሚረሱት አውቃለሁና።

እኔ ማትሪክ የወሰድኩት በ1978 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባ፣ አሥመራና ዓለማያ ነበሩ፤ የቀሩት ኮሌጆችና ኢንስቲትዩቶች ናቸው። ማን የት እንደሚገባ የሚመድበው መንግሥት ነው። ስለዚህ «የእገሌ ልጅ ገባ» ሲባል ጎረቤት «የት?» ብሎ የሚጠይቀው ርቀቱን አውቆ ስንቅ ለማዋጣት ነበር። በሶውና ዳቦ ቆሎው ለዓለማያም ለአሥመራም ያው ነው። መግባቱ ራሱ ነበር ድግሱ። እዚህ ከመጣን በኋላ የልጆቻችንን ኮሌጅ በደረጃ ቁጥር መጥራት ማን እንዳስተማረን አላውቅም። ባለፈው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዱ ወዳጄ ስለ ልጁ ሲነግረኝ ከትምህርት ክፍሉ በፊት «ሃያ ስምንተኛ ነው» አለኝ። በምን? ብዬ ስጠይቀው ቅር ተሰኘ።

እናትሽ ትደግስ። አንቺም ብዪ።

ሳቂታዋ (ሎስ አንጀለስ)

«ቆሽሾ ነው» ላይ ቡናዬን ደፋሁ። እህቴ፣ ድግሱ ቢቀርም ባይቀርም ይህን ለልጆችሽ ትነግሪያለሽ።

የኮተቤ ምሩቅ (አትላንታ)

ጋሼ ጋራዥ ጠባቂ፣ ታሪኩን አሳመሩት እንጂ እኛስ መቼ ሳናበላልጥ ቀረን? እርስዎ ከወሰዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔም ያንኑ ማትሪክ ወስጃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሕክምና ሲደርሰው በግ ታረደ፤ እኔ ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ ሲደርሰኝ «ምንም አይደል፣ እሱም እንጀራ ነው» ተብሎ ቡና ተፈላ። ቡናው ጥሩ ነበር፤ አልካድኩም። ዝርዝሩ በመጽሔት አልታተመም እንጂ በየእናቱ ሆድ ውስጥ ከአንድ እስከ መጨረሻ ተደርድሮ ተቀምጦ ነበር። አሜሪካ ያደረገችው ቢኖር በወረቀት ማውጣቷ ነው።

ልጅቷ የምትፈራውም ያንኑ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ስሙን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር አስቀድማ አይታዋለች።

ሬድ ላይን (ሮክቪል፣ ሜሪላንድ)

የዛሬ ስንት ዓመት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሮክቪል ግቢ ተምሬ፣ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ተዛውሬ፣ አሁን የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነኝ። ስለዚህ ከውስጥ ሆኜ ልናገር።

በእኔ እይታ ወላጆችን አለአግባብ ነው የምንወቅሰው። ይህን ነገር የሚያራግቡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ማርች መጨረሻ ላይ አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ምሽት ውጤት ይለቅቃሉ፤ በዚያች ሌሊት የአንድ ክፍል ልጆች ማን ከማን እንደሚበልጥ ተስማምተው ያድራሉ። የአራት ዓመት ውጤት፣ የሥራ ልምድ፣ ታናሽ ወንድምን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ይህ ሁሉ ተረስቶ አንድ ቁጥር ይቀራል፤ የገባህበት ኮሌጅ ከመቶ ስንቱን ይቀበላል?

ይህ ቁጥር ደግሞ የመምህሩን ብቃት አይለካም፤ የሚቆጥረው የተመለሰውን ሰው ነው። ሃርቫርድ ከመቶ አመልካች አራት ያህሉን ብቻ ይቀበላል። ጆርጅ ሜሰን ከአሥር ዘጠኝ ያህሉን ይቀበላል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ የጋራ ቅጽ ሞልቶ ለሃያ ኮሌጅ መላክ ይቻላል፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ የመግቢያ ፈተና ውጤት ማቅረብ ግዴታ መሆኑን አስቀሩ። አመልካቹ በዛ፣ ወንበሩ ያው ነው፣ መቶኛው ወረደ። በቃ። ትምህርቱ በዚያው ልክ አልተሻሻለም።

በ2022 የሆነውን የምታስታውሱ ካላችሁ፤ ማይክል ታዴየስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር፣ የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ለዩ ኤስ ኒውስ የደረጃ ሰንጠረዥ የላከውን አኃዝ መርምረው እንደማይታመን ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው ከሁለተኛ ወደ አሥራ ስምንተኛ ወረደ። ክፍሎቹ አልተነቀሉም፣ መምህራኑ አልሸሹም። በዚያ ሳምንት ወላጅ ሁሉ ምን ይል እንደነበር መስማት እፈልግ ነበር።

ቁጥር ወዳጅ (ዳላስ)

ሁላችሁም ልጅቷን እያባበላችሁ ነው። እኔ እንደ ታላቅ ወንድም ልናገር።

ድግሱ ይቆይ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መግባት አያስቸግርም፤ ያመለከተ ሁሉ ይገባል። የሚያስቸግረው መውጣቱ ነው። በ2024 የወጣ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀማሪዎች ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩት ሲሶ ያህሉ ናቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዙት ደግሞ ከመቶ 16 ብቻ። አዳራሽ ተከራይቶ ከመቶ 84 የሚወድቅበትን ነገር ማክበር ምን ይባላል? ያንን ገንዘብ ለመጻሕፍት አስቀምጡላት። ስትመረቅ እኔም መጥቼ እበላለሁ።

የአንድ ልጅ አባት (ሲያትል)

ዳላስ ያለኸው ወንድሜ፣ ለሠርግም እንዲህ ነው የምታስበው? ስንቱ ጋብቻ እንደሚፈርስ ቁጥሩን ይዘህ ድንኳን በር ላይ ትቆማለህ?

ቁጥር ወዳጅ (ዳላስ)

ለሠርግም እንደዚያው ባሰብን ኖሮ ስንት ሰው ከዕዳ በዳነ ነበር።

ሬድ ላይን (ሮክቪል፣ ሜሪላንድ)

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አነባበቡ ግን አልጣመኝም። በዚያ መቶ ውስጥ ማን ማን እንዳለ እይ። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን አድሮ ጠዋት የሚማር አለ። ሁለት ልጆች ያሏት እናት አለች። በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ የሚወስድ አለ። ከመጀመሪያውም ዲግሪ ሳይሆን የሙያ ምስክር ወረቀት ፈልጎ የገባ አለ። ብዙዎች የሚቀሩበት ሌላ ምክንያትም ክሬዲት ነው፤ ሁለት ዓመት የተማርከውን ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ግማሹን «አይመለከተኝም» ይልሃል፤ እንደገና ክፈል፣ እንደገና ተማር። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው። ኖቫና ሜሰን በ2018 አድቫንስን የጀመሩት ይህንኑ ጉድጓድ ለመድፈን ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር ተጽፎ ይሰጣል። ልጅቷ ዝም ብላ ገብታ የምትባዝን አይደለችም።

የመድረኩ አስተባባሪ

የአንድን ልጅ ስምና ትምህርት ቤት የጠቀሰ አስተያየት አንሥቻለሁ። ስለ ሰው ልጅ በስም አትጻፉ።

የተማሪዎች አማካሪ (ፌርፋክስ አካባቢ)

በአንድ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ እሠራለሁ። ስለ ሥራዬ ብዙ ልናገር አልችልም፤ የማየውን ያህል ልንገራችሁ።

የሚያፍሩት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚገቡት ብቻ አይደሉም። ሜሰን የገባው ልጅ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ከገባችው ፊት ያፍራል። እሷ ደግሞ ሁለት አይቪ ሊግ መልሰዋት ስለነበር ቢሮዬ መጥታ አለቀሰች። ጫፍ ላይ የደረሰውም ፎቶውን አይለጥፍም፤ ጓደኛው እዚያው ቦታ ተከልክሏልና። በዓመቱ መጨረሻ በደስታ የሚገባ ተማሪ ፈልጌ የማገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ለቤተሰባቸው የመጀመሪያ የሆኑት ናቸው።

ሌላው ከእኛ ማኅበረሰብ ጋር የሚያያዝ ነገር አለ። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ቤተሰቦች ልጆች የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማ አያገኙም። ውጤታቸው ምንም ያህል ቢሆን። በየዓመቱ የክፍሉ አንደኛ ሊሆን የሚችል ልጅ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲሄድ አያለሁ፤ ምክንያቱን ለማንም መናገር ስለማይችል «ሰነፍ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። እንግዲህ በአንድ ልጅ ሹራብ ላይ ስለተጻፈው ስም ስንፈርድ የማናውቀውን የቤተሰቡን መዝገብ ጭምር እየፈረድን ነው።

ስለ ገቢ ለምትጨነቁ፤ ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት ለተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ተመሳሳይ መልስ ያገኙ ተማሪዎችን አነጻጽረው፣ መራጭ ኮሌጅ፣ ማለትም ካመለከቱት ጥቂቱን ብቻ የሚቀበል፣ የገባውና ያልገባው በኋላ ዘመናቸው የሚያገኙት ደመወዝ በአማካይ እምብዛም እንደማይለያይ አገኙ። ልጁ ይዞት የሚመጣው ነገር ይመዝናል ማለት ነው።

ቁጥር ወዳጅ (ዳላስ)

እህቴ፣ ጥናቱን እስከ መጨረሻው ንገሪያቸው እንጂ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ በሠሩት ሥራ ለጥቁር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች ግን ልዩነት እንዳለው ጽፈዋል። ይህ መድረክ በእነማን የተሞላ ነው? በ2023 ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹም ተመሳሳይ ነገር አውጥተዋል፤ አማካይ ገቢን ባይለውጥም፣ እጅግ መራጭ ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ መግባት በገቢ ከመቶ ሰው አንደኛ ከሚሆኑት ተርታ የመሰለፍን ዕድል በግማሽ ያህል ይጨምራል።

የተማሪዎች አማካሪ (ፌርፋክስ አካባቢ)

ልክ ነህ፤ እሱም ተጽፏል። ለዚያም ነው ማመልከት የሚችል ልጅ ከፍ ብሎ እንዲያመለክት ቢሮዬ ቁጭ አድርጌ የማስጨንቀው። ግን ይህ ክርክር የኦክቶበርና የኖቬምበር ነው፤ ቅጽ በሚሞላበት ጊዜ። ሜይ ላይ ልጅቷ ወስናለች። አሁን ቁጥሩን ስታነብላት የምታገኘው ጥቅም ምንድን ነው?

የፒያሳዋ (አዲስ አበባ)

ከሩቅ ሆኜ ስከታተላችሁ ነበር። እናንተ ከመቶ ዘጠና ስለሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ታፍራላችሁ፤ እኛ ጋ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4። ካላለፉት የተሻለ ያመጡት ሪሚዲያል ይገባሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለወራት ተምረው እንደገና ይፈተናሉ፤ ያለፈው ይቀጥላል።

ታናሽ ወንድሜ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ሰፈር ውስጥ የት እንደሚሄድ የጠየቀው ሰው ሁሉ «ገና ነዋ» ይለው ነበር። እንኳን ደስ ያለህ ለማለት አፉን የከፈተ ሰው አልነበረም፤ ቢወድቅስ ብለው ይሆናል። እናቴ ግን በነጋታው ጠዋት ድፎ ዳቦ ጋግራ ቆርሳ ሸኘችው፤ ጎረቤት አልጠራችም። አሁን ሦስተኛ ዓመት ሆኗል። ሲመረቅ ለሚደገሰው ድግስ የሚመጡት እነዚያው «ገና ነዋ» ያሉት ናቸው፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ጎረቤት ናቸው።

እናትም ነኝ (ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ እናትሽን የሚረዳላት ስላጣሁ ልጽፍ ተነሣሁ። ሁላችሁም ድግሱ ስለ ኮሌጁ የሆነ ይመስላችኋል። አይደለም!

እኛ በዚህ አገር ስንኖር የየሰዉን ልጅ ክርስትና፣ ልደት፣ ምረቃ፣ ሠርግ ስንበላ ኖረናል። ከሌሊት ሥራ ወጥተን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰን፣ ፖስታ ይዘን ሄደናል። ብድር በምድር ነው። እናትሽ ይህችን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው፤ በሰው ድግስ ጥግ ይዛ ተቀምጣ «የእኔም ተራ ይመጣል» ስትል። አሁን አንቺ አትደግሺ ስትያት ኮሌጁን ሳይሆን ያን ሁሉ ዓመት ነው የምትሰርዢባት። በዚያ ላይ ሽሮና በርበሬ አስልካለች፤ ይህን ሳልጠየቅ አውቃለሁ።

የአሌክሳንድሪያዋ (ቨርጂኒያ)

ሁሉንም አንብቤያለሁ። አመሰግናለሁ። እትዬ፣ በርበሬውን እንዴት አወቁ? ከኢትዮጵያ መጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ልብሴ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል።

አንድ ነገር ግን ላስረዳ። እኔ ኖቫ አላፈርኩበትም። የሄድኩበት ቀን ወድጄዋለሁ፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያገኘሁት ልጅ በአማርኛ መንገድ አሳየኝ። የማፍረው በሰዉ «አይዞሽ» ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የት ገባሽ?» ሲሉኝና ስነግራቸው እጄን ይዘው «አይዞሽ» ይሉኛል። የሞተብኝ ሰው የለም! ሜሰን እንደምሻገር ስጨምርላቸው ደግሞ «እሰይ፣ እንደሱ በይ እንጂ» ይላሉ፤ ያኔ ይብስብኛል፤ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ከዕድሜዬ ቆርጠው የጣሉት ይመስለኛል። ድግሱ ላይ መቶ ሰው ተራ በተራ እጄን እየያዘ እንዲህ ሲለኝ ሊታያችሁ ይችላል።

ጓደኞቼም እንደዚያው ናቸው። ስድብ አይሰነዝሩም፤ ሲያወሩ ቆይተው እኔ ስመጣ ርእስ ይቀይራሉ። እንዳልከፋ ብለው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የኮተቤ ምሩቅ (አትላንታ)

ይኸው። «እሱም እንጀራ ነው» ያልኳችሁ ይህንኑ ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የዚያ ሕክምና የደረሰው ጎረቤቴ ልጅ፣ ንግግር አደረገልኝ፤ ለአባቱ የታረደውን በግ አስታወስኩትና ሳቅን።

ኮሌጅ ፓርክ ያለሁት (ሜሪላንድ)

እኔም ተማሪ ነኝ። የገባሁበት ዩኒቨርሲቲ ስሙ ያስደስታል፤ ለእኔም ተደግሶልኛል። በድግሱ ላይ አንድ ሰው እንኳ ምን እንደምማር አልጠየቀኝም። አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርት ክፍል ልቀይር ነው፤ ለቤተሰቤ አልተናገርኩም፤ ያ ሁሉ ሰው በልቶ ሄዷልና። ስለዚህ አንቺ ቢያንስ የማይጠብቁብሽ ሰዎች መሃል ነው የምትጀምሪው። እሱም ዕድል ነው፤ ባይመስልሽም።

ጋራዥ ጠባቂው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የምረቃ ሰሞን ድግስ ከሆነ ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ አንሥታችሁ አታውቁም። ጁን አጋማሽ የሐዋርያት ጾም አይደለም እንዴ? ምን ሊበላ ነው?

እናትም ነኝ (ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ ያኔማ የጾም ይሠራል። የዓሣ ጉላሽ፣ ሽምብራ አሳ፣ ሥልጆ፣ አዚፋ። ዓሣው ላይ ጠብ እንዳይነሣ ለብቻው ጠረጴዛ ይቀመጣል። የሚጾመውም የማይጾመውም የሚበላው ያጣ አይመስለኝም።

የአሌክሳንድሪያዋ (ቨርጂኒያ)

ከእናቴ ጋር ትናንት ማታ ተደራደርን። ድግሱ ይደገሳል። ኬኩ ላይ የእኔ ስም ብቻ ይጻፋል፤ ይህን ተቀበለች። የድምፅ ማጉያ አይኖርም አልኳት፤ እሱንም ተቀበለች፣ ግን አጎቴ ያለ ማጉያም አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛው እንግዳ እንዲቀነስ ነበር፤ እሱ አልሆነም። የተጠራ አይሰረዝም አለችኝ።

አባቴ በንግግሩ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ታክሲው የኋላ መስታወት ላይ የኖቫን ተለጣፊ ለጥፎበታል። መቼ እንደገዛው አላውቅም። ተሳፋሪዎች ተማሪ ነህ ወይ እያሉ ይጠይቁታል አሉ፤ አዎ እያለ ነው መሰለኝ።

ለኢንስታግራሙ ገጽ ፎቶዬን አልላክሁም፤ አልልክምም። ሒሳብ ክፍል ያሉት ልጆች ግን የራሳችንን ቡድን ከፍተናል፤ ኦገስት ላይ አብረን እንድንመዘገብ።

ሬድ ላይን (ሮክቪል፣ ሜሪላንድ)

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የሒሳብ ምደባችሁ የት እንደሚያስቀምጣችሁ አሁኑኑ እወቁ፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ካልኩለስ ያስፈልጋል፤ ዝቅ ብሎ ከተጀመረ አንድ ዓመት ሊጎተት ይችላል። የሜሰንን የኮርስ ዝርዝር አትማችሁ ያዙ፤ በየሴሚስተሩ ከመመዝገባችሁ በፊት ከኖቫው ጋር አስተያዩ። በአድቫንስ በኩል የምትመደብልሽን አማካሪ ስም እስካሁን ካላወቅሽ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ደውለሽ ጠይቂ፤ ጁላይ ላይ መስመሩ አይገኝም።